ኃላፊው በሌለበት የሚሠራ ሥራ፦ ከቁጥጥር ወደ ድጋፍ ለሚሸጋገሩ የቅርብ ኃላፊዎች የቀረበ መመሪያ

በሥራ ቦታ የሚታዩ የአመራር ዘይቤዎች ብዙ ስያሜ ቢኖራቸውም፣ አንድ የቅርብ ኃላፊ በየዕለቱ ከሠራተኞቹ ጋር በሚያደርገው ግንኙነት ውስጥ ጎልተው የሚለዩት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ አመራር ሲሆን፣ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን እንዴት፣ በምን ቅደም ተከተልና መቼ እንደሚሠራም ኃላፊው ራሱ የሚወስንበት፣ ሠራተኛውም በየደረጃው ፈቃድ እየጠየቀ የሚቀጥልበት አሠራር ነው። ሁለተኛው ደጋፊ አመራር የሚባለው ሲሆን፣ ኃላፊው የሚፈለገውን ውጤትና የጥራት መለኪያውን በግልጽ ካስቀመጠ በኋላ አፈጻጸሙን ለሠራተኛው ትቶ፣ የራሱን ጊዜ ለሥራው የሚያስፈልገውን መረጃ፣ መሣሪያ፣ ሥልጠናና ሥልጣን ለማሟላት የሚያውልበት አሠራር ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መሸጋገር ለሚፈልግ ቡድን መሪ፣ ክፍል ኃላፊ ወይም የፈረቃ አስተባባሪ ነው።

ወደ እርምጃዎቹ ከመገባቱ በፊት አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም ይኖርበታል፤ ይኸውም ድጋፍን ከልልነት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። ኩርት ሌዊን ከባልደረቦቹ ከሮናልድ ሊፒትና ከራልፍ ዋይት ጋር በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1939 በታተመው ጥናት፣ ዕድሜያቸው አሥር ዓመት ገደማ የሆነ ወንዶች ልጆች በእጅ ሥራ ክበባት ተመድበው ሦስት ዓይነት መሪዎች ተፈራርቀውባቸው ነበር፤ እነሱም ሁሉን ብቻውን የሚወስን ፈላጭ ቆራጭ፣ ከልጆቹ ጋር እየመከረ የሚወስን አሳታፊ፣ እና ልጆቹን እንዲያው የሚተው ልቅ መሪ ናቸው። በፈላጭ ቆራጩ መሪ ሥር የነበሩት ልጆች መሪው ባለበት ሰዓት ጠንክረው ቢሠሩም፣ ከክፍሉ በወጣ ጊዜ ሥራቸው ወዲያው ይቀዘቅዝ ነበር፤ በአሳታፊው መሪ ሥር የነበሩት ግን መሪው ቢወጣም ሥራቸውን አላቋረጡም። በልቅ መሪ ሥር የነበሩት ደግሞ የሠሩት ሥራ አነስተኛ፣ ጥራቱም ደካማ ነበር። የልጆች ክበብ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ሆኖም ጥናቱ ሁለት ቁም ነገሮችን በግልጽ ለይቶ ያስቀምጣል። አንደኛው የቁጥጥር ተቃራኒ መተው አለመሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የአንድ አመራር ትክክለኛ መለኪያ ኃላፊው ባለበት የሚታየው ትጋት ሳይሆን በሌለበት የሚቀጥለው ሥራ መሆኑ ነው። የዚህ መመሪያ እርምጃዎች ሁሉ የተቀመጡት ይህን መለኪያ በመያዝ ነው።

የሠራተኛው የመወሰን መብት መጥበብ የሚጎዳው ሥራውን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ተጀምሮ ከ10,000 በላይ የለንደን የመንግሥት ሠራተኞችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለውና በማይክል ማርሞት የተመራው ሁለተኛው የኋይትሆል ጥናት፣ በሥራቸው ላይ የመወሰን ዕድል የሌላቸው ሠራተኞች ዕድሉ ካላቸው ይልቅ ለልብ ሕመም የተጋለጡ ሆነው እንደተገኙ አሳይቷል። ስለዚህ አንድ ኃላፊ ስለ አመራር ዘይቤው ሲያስብ ስለ ሠራተኞቹ ጤናም እያሰበ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

አንደኛው እርምጃ፦ ቁጥጥሩን መዝግቦ ማወቅ

ራሱን ተቆጣጣሪ አድርጎ የሚቆጥር ኃላፊ እምብዛም አይገኝም፤ አብዛኛው ሥራው እንዳይበላሽ የሚጠነቀቅ ታታሪ ሰው እንደሆነ ያምናል፤ ይህም እምነት ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በመሆኑም ጉዳዩ በስሜት ሳይሆን በመዝገብ መታየት አለበት። ኃላፊው ለሁለት ሳምንት ያህል አንድ ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ ለፊርማ የቀረበለትን ወረቀት፣ “ምን ላድርግ?” ተብሎ የተጠየቀውን ጥያቄ፣ እሱ ስብሰባ ላይ በነበረበት ጊዜ የቆመውን ጉዳይ ሁሉ በአንድ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ በመስመሩም መጨረሻ የእሱ መግባት ለጉዳዩ ምን እንደጨመረ ያመልክት።

ውጤቱ ምን እንደሚመስል አንድ የተለመደ ጉዳይ ያሳያል። አንድ ተገልጋይ ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚያቀርበው የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቅ፣ ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ መረጃውን ከማኅደሩ ጋር አመሳክሮ ደብዳቤውን በግማሽ ሰዓት ያዘጋጃል፤ ደብዳቤውም ታትሞ ከሌሎቹ ጋር በፊርማ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለሆነ ግን እስከ ማግሥቱ፣ አንዳንዴም እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እዚያው ይተኛል፤ ተገልጋዩም ሲመላለስ ይሰነብታል። በመጨረሻ ኃላፊው ማኅደሩን ከፍቶ ሲፈርም እያንዳንዱን ደብዳቤ የሚያየው ለጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ነው፤ ማኅደሩን ያመሳከረው ባለሙያው እንጂ እሱ ስላልሆነ፣ ረጅም ጊዜ ወስዶ ቢያየውም የሚያገኘው ስሕተት አይኖርም። ቲተሩና ማኅተሙ ከመረገጣቸው በፊት ያለፈው ጊዜ በሙሉ ለደብዳቤው ጥራት ምንም አልጨመረም።

ምዝገባው ካለቀ በኋላ ዝርዝሩ ይከፈላል። አንዳንዱ ጉዳይ በሕግ ወይም በመመሪያ በኃላፊው እጅ እንዲቆይ የተደነገገ ነው፤ ግዥና ክፍያን ማጽደቅ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ሌላው አንዴ ከተበላሸ የማይመለስ ጉዳይ ነው፤ ለምሳሌ ከከፍተኛ ኤሌክትሪክ፣ ከታካሚ ሕይወት ወይም ከሰው ከሥራ መሰናበት ጋር የተያያዘ ውሳኔ ጥብቅ ቁጥጥር ይገባዋል፤ በዚህ ላይ መላላት ድጋፍ ሊባል አይችልም። የቀረው፣ ብዙውን ጊዜም የሚበዛው፣ በልማድ ብቻ ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ የሚመጣው ነው። ሽግግሩ የሚጀምረው ከዚህ ከመጨረሻው ነው።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ሥልጣንን በጽሑፍ ማስተላለፍ

የሽግግሩ እምብርት ይህ እርምጃ በመሆኑ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ብዙ ኃላፊዎች “ሠራተኞቼን ወስኑ ብላቸውም አይወስኑም፤ ተመልሰው እኔኑ ይጠይቁኛል” የሚል ቅሬታ ያሰማሉ፤ ከዚህም ተነሥተው ሠራተኛው ኃላፊነት የሚሸሽ ነው ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳሉ። ይሁን እንጂ ከሠራተኛው ወንበር ሲታይ ጉዳዩ ሌላ ነው። በቃል “አንተው ጨርሰው” የተባለ ባለሙያ፣ ከስድስት ወር በኋላ ኦዲተር መጥቶ “ይህን እንድትወስን ማን ፈቀደልህ?” ቢለው የሚያሳየው ወረቀት የለውም፤ ኃላፊው በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ወይም የተናገረውን ረስቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ፊርማ ቢለምን ሰነፍ ሊባል አይገባውም፤ የሚያደርገው ማንኛውም አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን ነው። ኃላፊነት ተሰጥቶ ሥልጣን ሲቀር፣ ሥራው የሠራተኛው፣ ውሳኔው የኃላፊው፣ ጥፋቱ ደግሞ ተመልሶ የሠራተኛው ይሆናል፤ ከዚህ የከፋ የቁጥጥር ዓይነት ማግኘት ያስቸግራል።

ስለዚህ ሥልጣን ሲተላለፍ በደብዳቤ ይተላለፍ፤ ግልባጩም ለሰው ኃይል አስተዳደርና እንደ አስፈላጊነቱ ለውስጥ ኦዲት ይድረስ። ደብዳቤው ሠራተኛው የሚወስነውን የጉዳይ ዓይነት፣ ሊያልፈው የማይችለውን ገደብ፣ ማለትም የገንዘብ መጠንን፣ የጊዜ ርዝመትን ወይም የተገልጋይ ዓይነትን፣ ውሳኔው ሊያሟላ የሚገባውን መስፈርት፣ እንዲሁም ከገደቡ በላይ የሆነ ጉዳይ ሲገጥመው ወደ ማን እንደሚሄድ በግልጽ ይዘርዝር። ከሁሉ በላይ ግን፣ በተሰጠው ገደብ ውስጥ በቅን ልቦና ለተወሰነ ውሳኔ ከውጭ ጥያቄ ቢመጣ መልስ የሚሰጠው ኃላፊው እንደሆነ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ሊኖረው ይገባል። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ ሌላው ሁሉ ቢጻፍም ሠራተኛው ወደ ኃላፊው በር መመለሱ አይቀርም።

መስፈርቱን ለብቻ ከማርቀቅ ይልቅ ሥራውን ከሚያውቀው ሠራተኛ ጋር ተቀምጦ ማውጣት ይመረጣል፤ የትኛው ማስረጃ ሲጎድል ጉዳዩ እንደሚበላሽ፣ የትኛው ቅጽ ያለ ጥቅም እንደሚሞላ የሚያውቀው እሱ ነውና። ሥልጣኑም በአንድ ጊዜ ለሁሉም እኩል አይሰጥም። ፖል ኸርሲና ኬን ብላንቻርድ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቀረቡትና በኋላ “ሁኔታዊ አመራር” ተብሎ በታወቀው አስተሳሰብ መሠረት፣ ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው ዝርዝር መመሪያና የቅርብ ክትትል ያስፈልገዋል፤ ችሎታው እየጎለበተ ሲሄድ ግን ክትትሉ መቀነስ አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ይህ ወቅት የቅርብ ክትትል የሚደረግበት ተገቢ ጊዜ ነው። ችግሩ ያለው በሙከራ ጊዜው የተጀመረው ክትትል፣ ሠራተኛው አሥር ዓመት ካገለገለ በኋላም ሳይነሣ ሲቀር ነው።

ሦስተኛው እርምጃ፦ የትእዛዝ አሰጣጥን መለወጥ

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ አብረው የሠሩ የሥነ ልቦና ምሁራን፣ የሰው ልጅ ተነሣሽነት በሦስት መሠረታዊ ፍላጎቶች ላይ የተመሠረተ ነው ይላሉ፤ እነሱም በራስ የመወሰን፣ ብቁ ሆኖ የመገኘት፣ እና ከሌሎች ጋር የመቀራረብ ፍላጎቶች ናቸው። ሁለቱ ምሁራን ከጄምስ ኮኔል ጋር በመሆን በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሥራ፣ ደጋፊ ኃላፊ ያላቸው ሠራተኞች በኩባንያው ላይ ያላቸው እምነት የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። ድጋፍ ሲሉ በተለይ የሚጠቅሱት ምርጫ መስጠትን፣ ሠራተኛውን የማይጫን መረጃ ሰጪ አስተያየትን፣ እና ነገሩን በሠራተኛው ዓይን አይቶ ያንኑ መናገርን ነው።

በተግባር ሲታይ ይህ ማለት “በአስቸኳይ ይፈጸም” ብሎ በወረቀቱ ጥግ መርቶ ከመላክ ይልቅ፣ ለምን እንዳስቸኮለ አንድ መስመር መጨመር ነው። የማይወደድ ሥራ ሲመጣ፣ ለምሳሌ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ላይ በቅዳሜ መግባት ግድ ሲሆን፣ ኃላፊው ሥራው ከባድ እንደሆነና የሠራተኛውን የዕረፍት ቀን እንደሚወስድ በግልጽ ተናግሮ፣ ማን ጠዋት ማን ከሰዓት እንደሚገባ ለራሳቸው ለሠራተኞቹ ይተው። ሥራው አይቀርም፤ የሚለወጠው ሠራተኛው የሥራው ባለቤት መሆኑ ነው። ከኃላፊው በዕድሜ የሚበልጥ ሠራተኛ በሰው ፊት “አንተ” እየተባለ የሚታዘዝበት ቢሮም በዚህ ረገድ ብዙ የሚያርመው አለው፤ በአገሬው ወግ “እርስዎ” ወይም “ጋሼ” የሚባለውን ሰው ሥልጣን ስላለ ብቻ ማቃለል፣ ሰውየው ለዚያ ቢሮ ከልቡ ሊሠራ የሚችለውን ያህል እንዳይሠራ ያደርገዋል።

አራተኛው እርምጃ፦ ስሕተት የሚነገርበትን መንገድ መክፈት

ተቆጣጣሪ ኃላፊ ብዙ ያያል፤ ነገር ግን የሚያየው ሠራተኛው ሊያሳየው የፈለገውን ብቻ ነው። ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳየችው ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን ናት። በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ስታጠና ጥሩ አመራርና ትብብር ያላቸው ክፍሎች አነስተኛ ስሕተት ይኖራቸዋል ብላ ብትጠብቅም፣ በእነዚህ ክፍሎች የተመዘገበው ስሕተት የበለጠ ሆኖ አገኘችው። በኋላ እንደተረዳችው፣ በመልካሞቹ ክፍሎች ስሕተቱ ስለሚነገር ተመዘገበ፤ በሌሎቹ ግን ቅጣትን በመፍራት ይደበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት ይህን ሁኔታ “የሥነ ልቦና ደኅንነት” በሚል አስተሳሰብ አብራርታዋለች፤ ይኸውም አንድ ሰው ጥያቄ ቢያቀርብ፣ ስሕተት ቢያምን ወይም የተለየ ሐሳብ ቢሰነዝር በባልደረቦቹ ፊት እንደማይዋረድ የሚያምንበት ሁኔታ ነው።

ከፋብሪካ ሥራ ደግሞ በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ከተማ የነበረው የመኪና ፋብሪካ ይጠቀሳል። የጄኔራል ሞተርስ ንብረት የነበረው ይህ ፋብሪካ በሠራተኛ መቅረት፣ በአቤቱታ ብዛትና በጥራት ጉድለት ስሙ ጎድፎ እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ፤ በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና “ኑሚ” በሚል ስም ሲከፈት የተቀጠሩት አብዛኞቹ ሠራተኞች የቀድሞዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመኪናዎቹ ጥራት በአጭር ጊዜ ተሻሻለ፤ ከሥራ መቅረትም በእጅጉ ቀነሰ። ሠራተኛው ያው ሆኖ ሳለ የተለወጠው አመራሩ ነበር። ከተለወጡት ነገሮች አንዱ ከማምረቻው መስመር በላይ የተዘረጋው “አንዶን” የሚባለው ገመድ ነው፤ ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ሲያይ ገመዱን ይስባል፣ መብራት ይበራል፣ ቡድን መሪው ፈጥኖ ወደ ሠራተኛው ይመጣና አብሮት ችግሩን ለመፍታት ይሞክራል፤ በተወሰነው ርቀት ውስጥ ካልተፈታ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ፖል አድለር እ.ኤ.አ. በ1993 ስለዚህ ፋብሪካ በጻፈው ጥናት እንዳመለከተው፣ የሥራው ደረጃ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ እጅግ ጥብቅ ነበር፤ ልዩነቱ ያንን ደረጃ የሚያወጡትና የሚያሻሽሉት ሠራተኞቹ ራሳቸው መሆናቸው ነበር። ደጋፊ አመራር ልል አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

ይኸው “ካይዘን” (ቀጣይነት ያለው መሻሻል) የሚባለው የጃፓን አስተሳሰብ በኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ በብዙ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች ተሠርቶበታል። ነገር ግን ካይዘንን መደርደሪያን በቀለም ከመለየትና ሰሌዳ ከመስቀል አሳልፎ የማይወስድ ኃላፊ ዋናውን ነገር አስቀርቶታል፤ ዋናው ሠራተኛው “ችግር አለ” ሲል ኃላፊው ሊረዳው መምጣቱ ነው።

በቢሮ ሥራ አንዶን ገመድ የለም፤ ገመዱ የኃላፊው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ስሕተት ሲነገረው “ማን ነው ይህን ያደረገው?” ብሎ የጀመረ ኃላፊ ከዚያ ወዲያ ስሕተት የሚነግረው አያገኝም። በመሆኑም ኃላፊው ይህን ቅደም ተከተል ይልመድ፦ በመጀመሪያ ምን እንደተፈጠረ፣ ቀጥሎ አሁን ማን እንደሚጎዳና ጉዳቱን እንዴት ማቆም እንደሚቻል፣ ከዚያ በኋላ በአሠራሩ ውስጥ ለስሕተቱ በር የከፈተው ምን እንደሆነ ይጠይቅ። ስሕተቱን ቀድሞ የተናገረ ሠራተኛ በዚያው ቀን ይመስገን። ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት፣ መማለጃ መቀበል ወይም ተነግሮ ደጋግሞ የተፈጸመ ቸልተኝነት ግን ከስሕተት ይለያል፤ ለእነዚህ የዲሲፕሊን ሥርዓቱ አለ፤ ልዩነቱም ጉዳዩ ከመድረሱ በፊት ለሠራተኞች በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ግምገማ በሚል ስም በሁሉም ፊት ግለ ሂስ እንዲያወርድ የተገደደ ሠራተኛ የሚማረው ስሕተቱን ማረምን ሳይሆን መደበቅን ነውና፣ የግል ድክመት በተዘጋ በር ይነገር፤ በጋራ ስብሰባ ላይ የሚነሣው የአሠራሩ ችግር ብቻ ይሁን።

ከላይ የሚመጣውን ጫና ስለ መያዝ

የቅርብ ኃላፊው ራሱ በላዩ ተቆጣጣሪ አለቃ ሊኖረው ይችላል፤ በየቀኑ ሪፖርት የሚጠየቅ ኃላፊ በየሰዓቱ ሪፖርት ይጠይቃል። ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ የሚቻለው የላይኛው አለቃ በእውነት የሚያስፈልገውን ጥቂት ቁጥሮች አስቀድሞ ከእሱ ጋር በመስማማት፣ እነሱንም ሳይጠየቁ በተወሰነ ቀን በማቅረብ ነው። መረጃ በጊዜው የሚደርሰው አለቃ ቀስ በቀስ ስልክ መደወሉን ይቀንሳል። ሁልጊዜ ይሳካል ማለት አይቻልም፤ ባይሳካም ግን ኃላፊው የመጣበትን ቁጣ እንዳለ ወደ ታች ማውረድ የለበትም።

የመጨረሻው እርምጃ፦ በመቅረት መፈተን

ሥልጣኑ ከተላለፈ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ኃላፊው የዓመት ፈቃዱን ይውሰድ፤ በዚህም ጊዜ ወደ ቢሮ አይደውል፣ የሚመጡ ጥያቄዎችንም በሥልጣን ደብዳቤው ወደ ተመደበው ሰው ይምራ። ሲመለስ በመጀመሪያ የሚያየው የተሠራውን ሳይሆን እሱን ጠብቆ የቆመውን ነው፤ እያንዳንዱ የቆመ ጉዳይ ደብዳቤው ላይ ያልተጻፈ ገደብ፣ ያልተሰጠ ሥልጠና ወይም ያልጠፋ ፍርሃት መኖሩን ያመለክታል፤ መፍትሔውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል።

በዚህ ወቅት ዋናው ፈተና ኃላፊው ራሱ ቢሆን ኖሮ በሌላ መንገድ ሊወስነው የሚችል ውሳኔ ማግኘቱ ነው። ውሳኔው በተሰጠው ገደብ ውስጥና መስፈርቱን ያሟላ ከሆነ እንዳለ ይጽና፤ እሱን መሻር ለዚያ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ለመላው ክፍል ሥልጣኑ የይስሙላ መሆኑን ያውጃል፤ የብዙ ወራትንም ሥራ በአንድ ቀን ያፈርሳል። ውሳኔው በእርግጥ ጉዳት ያመጣ ከሆነ ግን ኃላፊውና ሠራተኛው አብረው ተቀምጠው የጎደለውን መስፈርት ይጻፉ፣ የተሻሻለው ደብዳቤ በግልባጭ ይበተን፤ የመፈረሙም ሥልጣን በሠራተኛው እጅ ይቆይ።